የትውልድ ከተማን ፍርስራሽ በፎቶግራፍ ስለ መመዝገብ፦ የጎንደር ግንቦች እንደ አብነት

ፍርስራሽ የሚለው ቃል በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚያመለክተው ፈጽሞ የወደቀ ሕንፃን ብቻ ሳይሆን፣ ጣሪያው የተነሣ፣ ደርቡ የረገፈ፣ ግድግዳው ግን ቆሞ የቀረ፣ የተሠራበትን አገልግሎት ትቶ መታሰቢያነትን የያዘ ማንኛውንም የጥንት ግንብ ነው። በዚህ ትርጉም ከታየ ከኢትዮጵያ ከተሞች መካከል በፍርስራሽ መካከል የሚኖርባት፣ ነዋሪዋ ወደ ገበያና ወደ ትምህርት ቤት ሲሄድ ግንብ ታክኮ የሚያልፍባት ከተማ ጎንደር ናት። አፄ ፋሲለደስ በ1628 ዓ.ም. ገደማ መናገሻቸው ካደረጓት በኋላ ተከታትለው የነገሡት ወራሾቻቸው የየራሳቸውን ሕንፃ እየጨመሩ በመሄዳቸው፣ ዛሬ ፋሲል ግቢ የሚባለው፣ 900 ሜትር ገደማ በሚረዝም ቅጥር የታጠረውና በ1979 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ የሰፈረው ሥፍራ የአንድ ንጉሥ ሥራ ሳይሆን የመቶ ዓመት ክምችት ሆኗል። ከግቢው ውጭም በቀሃ ወንዝ አጠገብ ያለው የፋሲል መዋኛ፣ በስተሰሜን ምዕራብ ካለው ተዳፋት ላይ የተቀመጠው የእቴጌ ምንትዋብ ቁስቋም፣ ራስ ግንብ፣ ከከተማዋ ራቅ ብለውም በእንፍራንዝ አቅራቢያ የሚገኘው ጉዛራ እና የአፄ ሱስንዮስ መናገሻ የነበረው ደንቀዝ አሉ። ከዚህ በታች የቀረበው መመሪያ ለጎንደር ተወላጅ ወይም ነዋሪ የተጻፈ ቢሆንም፣ ስለ ፀሐይ አቅጣጫ የተሰጡት አኃዞች ከተስተካከሉ በሌላ ከተማ ለሚኖር ሰውም ያገለግላል።

አስቀድሞ መጤን ያለበት አንድ ጉዳይ አለ። የጎንደር ግንቦች በሺህ ጊዜ ተነሥተዋል፤ ነገር ግን አብዛኛው ፎቶግራፍ የጎብኚ ፎቶግራፍ በመሆኑ፣ ከአፄ ፋሲል ግንብ ፊት ለፊት ቆሞ፣ በጥቅምት ወይም በጥር ጥርት ያለ ሰማይ፣ በቀትር ሰዓት የተነሣ አንድ ዓይነት ምስል ነው። ጎብኚው በአንድ ቀን መጥቶ በማግሥቱ የሚሄድ ስለሆነ የተሻለ ሊያደርግ አይችልም። ነዋሪው ግን ከማንኛውም ውድ ካሜራ የሚበልጥ አንድ ሀብት አለው፤ እርሱም ተመልሶ መምጣት መቻሉ ነው። በክረምትም በበጋም፣ በማለዳም በሠርክም፣ ዘንድሮም ከአሥር ዓመት በኋላም ከዚያው ቦታ መቆም ይችላል። ይህ መመሪያ በሙሉ የተመሠረተው በዚህ ዕድል ላይ ነው፤ ፎቶግራፉ ውብ እንዲሆን ብቻ ሳይሆን ከቀጣዩ ፎቶግራፍ ጋር እንዲነጻጸርና እንደ ሰነድ እንዲቆጠር ማድረግን ያለመ ነው።

መጀመሪያ፦ ያለ ካሜራ መዞር

የመጀመሪያው ጉብኝት ካሜራ በቦርሳ ሆኖ ወይም ጨርሶ ቤት ቀርቶ፣ በማስታወሻ ደብተርና በእርሳስ ብቻ የሚደረግ ነው። ዓላማው ሁለት ነገሮችን መለየት ሲሆን፣ አንደኛው እያንዳንዱ ግድግዳ ወደየትኛው አቅጣጫ እንደሚመለከት፣ ሁለተኛው ደግሞ እያንዳንዱ ጉዳት ከምን እንደመጣ ነው። አቅጣጫው በተንቀሳቃሽ ስልክ ኮምፓስ በቀላሉ ሊታወቅ ይችላል፤ የጉዳቱን ምንጭ መለየት ግን የታሪክ ንባብንና ዓይንን አጣምሮ ይጠይቃል።

ለአብነት የታላቁ ኢያሱ ግንብ በ1704 እ.ኤ.አ. በደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ የተጎዳ ሲሆን፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት የጣሊያን ጦር ከተማዋን ይዞ ሳለ በእንግሊዝ የአየር ድብደባ እንደገና ተመትቷል። ቁስቋም ደግሞ በ1880 ዓ.ም. ደርቡሾች ጎንደርን በወረሩ ጊዜ ከተቃጠሉት አብያተ ክርስቲያናት አንዱ ነው። በፋሲል መዋኛ ቅጥር ላይ የሚታየው የዛፍ ሥር ግን የማንም ጦር ሥራ አይደለም፤ ሥሩ በድንጋዮቹ መካከል ገብቶ፣ አንዱን እያፈናቀለ ሌላውን ደግሞ እንደ ጣት ጨብጦ ይዞ፣ ግንቡን በአንድ ጊዜ የሚያፈርስም የሚደግፍም ሆኗል። ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ በዝምታ የሚሠራው ጠላት ውሃ ነው። የጎንደር ግንቦች የተሠሩት ጥቁር ድንጋይን በኖራ በማያያዝ በመሆኑ፣ ጣሪያ በሌለበት የዝናብ ውሃ ከግድግዳው አናት ገብቶ ኖራውን እያጠበ ሲያወርደው፣ ነጭ ዝርግ መሥመር በግድግዳው ላይ ይቀራል። ይህን መሥመር ያየ ፎቶ አንሺ በሚቀጥለው ክረምት የትኛው ድንጋይ ሊላቀቅ እንደሚችል በግምት ያውቃል፤ በማስታወሻውም ላይ ምልክት ያደርጋል።

ከየት መጀመር እንዳለበት የሚያመነታ ሰው አሥራ ሁለቱን የፋሲል ግቢ በሮች እንደ መለማመጃ ቢወስዳቸው መልካም ነው። ወንበር በር በዳኞች፣ አደናግር በር በፈታዮች፣ እምቢልታ በር በእምቢልታ ነፊዎች፣ ባልደራስ በር በፈረሰኞች አለቃ፣ ተዝካሮ በር በመታሰቢያ ግብር ስም የተጠሩ ሲሆኑ፣ ስማቸው ብቻ የቤተ መንግሥቱን አስተዳደር ያስነብባል። የበሮቹ ቁጥር የተወሰነ፣ ቅርጻቸው የተቀራረበ፣ አቅጣጫቸው ግን የተለያየ መሆኑ ተመሳሳይ ሥራን በተለያየ ብርሃን ደጋግሞ ለመሥራት ያስገድዳል፤ ከተማው ዘወትር የሚረሳቸውም እነርሱ ናቸው።

ፈቃድና ሥነ ምግባር

ፋሲል ግቢ፣ የፋሲል መዋኛና መሰል ሥፍራዎች አስተዳዳሪ ያላቸው በመሆናቸው ፎቶ አንሺው ከመጀመሩ በፊት ቀርቦ ዓላማውን ማስረዳት አለበት፤ በተለይ ባለ ሦስት እግር መቆሚያ ወይም ትሪፖድ መትከል፣ ምስሉን ለሽያጭ ወይም ለማስታወቂያ ማዋል የሚፈልግ ከሆነ ክፍያውና ፈቃዱ የተለየ ሊሆን ስለሚችል አስቀድሞ መጠየቅ ከኋላ ክርክር ያድናል። ድሮን የሚባለውን በራሪ ካሜራ ያለ ሕጋዊ ፈቃድ ማብረር ፈጽሞ አይገባም። በከተማ ውስጥ የጸጥታ ኃይሎች፣ ኬላዎችና የመንግሥት ተቋማት በምስሉ ዳራ እንዳይገቡ መጠንቀቅም የዘመኑ ግዴታ ነው።

ብዙዎቹ ፍርስራሾች ከአብያተ ክርስቲያናት ጋር የተጎራበቱ ናቸው፤ በፋሲል ግቢ ቅጥር ውስጥ ራሱ እልፍኝ ጊዮርጊስና አጣጣሚ ሚካኤል ይገኛሉ። በእነዚህ ሥፍራዎች ፎቶ አንሺው ጫማውን ለማውለቅ፣ ቅዳሴ ወይም ፍትሐት ሲካሄድ ካሜራውን ለማስቀመጥ፣ ከአገልጋዮቹ «አባ፣ ይፈቀዳል?» ብሎ ለመጠየቅ ዝግጁ መሆን አለበት። የደብረ ብርሃን ሥላሴ የጣሪያ መላእክትን በመሳሰሉ ጥንታዊ ሥዕሎች ላይ ፍላሽ ወይም ብልጭታ መብራት አይተኮስም። በቁስቋም የእቴጌ ምንትዋብ፣ የልጃቸው የዳግማዊ ኢያሱና የልጅ ልጃቸው የኢዮአስ አፅም እንደ ፍርስራሹ ሁሉ ለጎብኚ የሚታይ ቢሆንም፣ ሊታይ መቻሉ ሊነሣ መቻሉ ማለት ስላልሆነ፣ አገልጋዩ ካልፈቀደ መተው ብቻ ነው።

በድንጋዩ ላይም ሥነ ምግባር አለ። ለተሻለ ማዕዘን ብሎ በግድግዳ አናት ላይ መውጣት፣ ጽሕፈትን ወይም ቅርጽን ለማጉላት በጠመኔ መቀባት፣ ውሃ ማፍሰስ፣ በድንጋዩ ላይ እንደ ሽበት የተለጠፈውን ልብጥ መፋቅ ፎቶ አንሺውን ራሱን ከአፍራሾቹ ጎራ ያሰልፈዋል። ቅርጹን የሚያጎላው ብርሃን ነው፤ እንዴት እንደሆነ ቀጥሎ ይብራራል። በአካባቢው የተጋለጠ የሸክላ ስባሪ፣ ሳንቲም ወይም የተቀረጸ ድንጋይ ያየ ሰው ከነበረበት ሳያነሣ ፎቶ አንሥቶ ማሳወቅ ይኖርበታል፤ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 209/1992ም ድንገት የተገኘ ቅርስ እንዲገለጽ ያዛል።

ብርሃን፦ ከዓመቱ ውስጥ የግድግዳውን ወር መምረጥ

ስለ ፎቶግራፍ የተጻፉ አብዛኞቹ መምሪያዎች የመነጩት ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በደቡብ በኩል ከምትውልባቸው አገሮች ስለሆነ፣ ምክራቸው እንዳለ ወደ ጎንደር ቢመጣ ያሳስታል። ጎንደር ከምድር ወገብ በስተሰሜን 12.6 ዲግሪ ገደማ ላይ የምትገኝ በመሆኗ ፀሐይ በሚያዝያና በነሐሴ አጋማሽ ገደማ በቀትር በትክክል ከአናት በላይ ትሆናለች፤ በእነዚህ ሁለት ቀናት መካከል ባሉት ወራት የቀትር ፀሐይ የምትውለው በሰሜን በኩል ሲሆን፣ በተቀሩት ወራት ደግሞ በደቡብ በኩል ነው። በታኅሣሥ አጋማሽ ፀሐይ በቀትር ከደቡቡ አድማስ 54 ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍ ትላለች።

ይህ ስሌት በሥራ ላይ ሲውል ትርጉሙ እንደሚከተለው ነው። ወደ ሰሜን የዞረ ግድግዳ ከመስከረም አጋማሽ እስከ መጋቢት አጋማሽ ባሉት ስድስት ወራት አንዲት የቀጥታ ፀሐይ ጨረር አያርፍበትም። ጎብኚው የሚበዛው ደግሞ በእነዚሁ ወራት ነው። ስለዚህ የሰሜን ገጾች በጎብኚ ፎቶግራፎች ውስጥ ሁልጊዜ ጠቁረው፣ ከኋላቸው ያለው ሰማይ ነጥቶ የሚታዩት የሠሪያቸው ጥፋት ሆኖ ሳይሆን የወሩ ጉዳይ ነው። ነዋሪው እነርሱን ለማንሣት ግንቦትን ይጠብቃል፤ ክረምቱ ሳይከብድ በፊት፣ የመጀመሪያው ዝናብ አቧራውን ባጠበበት ጠዋት፣ የሰሜን ግድግዳ በጎን ብርሃን ይበራል። የደቡብ ገጾች በአንጻሩ በኅዳርና በታኅሣሥ ቀኑን ሙሉ ያማሩ ናቸው። በምሥራቅና በምዕራብ በኩል ያሉት ግን ዓመቱን ሁሉ አንዱ የጠዋት፣ ሌላው የማታ ድርሻቸውን አያጡም።

ሰዓትን በሚመለከት፣ በጎንደር እውነተኛው ቀትር፣ ማለትም ፀሐይ ከሁሉ በላይ ከፍ የምትልበት ጊዜ፣ ስድስት ሰዓት ሳይሆን እንደ ወሩ ከ6፡15 እስከ 6፡45 ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ፀሐይ የምትወጣው ከጠዋቱ 12፡05 እስከ 12፡55 ባለው ጊዜ ሲሆን፣ በዚህ አካባቢ ቀጥ ብላ ስለምትወጣ ለስላሳው የማለዳ ብርሃን ከሦስት ሩብ ሰዓት ብዙም አይዘልቅም። ይህን የሚያውቅ ፎቶ አንሺ ፀሐይ ከመውጣቷ በፊት መቆሚያውን ተክሎ ይጠብቃል እንጂ ብርሃኑን አይቶ አይሮጥም።

የጎን ብርሃን የሚባለው ፀሐይ ከግድግዳው ጋር ትይዩ ልትሆን ስትቀርብ፣ ገጹን ታክካ ስታልፍ የሚፈጠረው ነው። በዚህ ጊዜ እያንዳንዱ ድንጋይ የራሱን ጥላ ስለሚጥል የግንበኛው የመዶሻ ምት፣ የተጠገነና ያልተጠገነ ክፍል ድንበር፣ በዓይን የማይለይ ስንጥቅ ሁሉ ይገለጣል። በቁስቋም የአዳራሽ ግድግዳ ላይ ከቀይ ድንጋይ የተሠሩት መስቀሎችና ቅርጾች ከዚህ ብርሃን ውጭ ሲነሡ እንደ ቀለም ነጠብጣብ ይጠፋሉ፤ በጎን ብርሃን ግን ጠርዛቸው ተቆጥሮ ይወጣል። ይህ ብርሃን በአንድ ግድግዳ ላይ የሚቆየው ለጥቂት ደቂቃዎች ስለሆነ፣ ለእያንዳንዱ ግድግዳ ሰዓቱን በማስታወሻ መመዝገብ ያስፈልጋል።

ደመና መጥፎ ነው የሚለው እምነት ግን መታረም አለበት። በሐምሌና በነሐሴ ሰማዩ በነጭ ደመና ሲሸፈን ብርሃኑ ከሁሉም አቅጣጫ እኩል ስለሚመጣ ጥላ አይኖርም፤ ቅርጽ ይደበዝዛል፣ ቀለም ግን ሃቁን ይናገራል። በመስኮትና በበር ቅስቶች ላይ የሚታየው ቀይ ድንጋይ ከጥቁሩ የሚለየው፣ የኖራው ነጭነትና የአረንጓዴው ሙጃ ልክ የሚታወቀው በዚህ ብርሃን ነው። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ የሚኖረው አቧራና ጭስ ደግሞ ከጎሃ ኮረብታ ቁልቁል የከተማውን ጠቅላላ እይታ ለማንሣት የሚሻውን ሰው ያስቸግራል፤ ለዚያ ክረምት በወጣ በሳምንቱ፣ በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት፣ አየሩ የታጠበበት ጠዋት ይመረጣል።

መሣሪያውና ልኬቱ

ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። መካከለኛ ካሜራ ወይም ጥሩ ስልክ፣ ትሪፖድ፣ ሜትር፣ አንድ ነጭ ወረቀትና ደብተር ይበቃሉ። የስልክ ባለቤት ግን ስልኩ ምስሉን ከራሱ እንዳያሳምር መጠንቀቅ አለበት፤ ብዙ ስልኮች የድንጋይን ሸካራነት እንደ ቆዳ ጉድለት ቆጥረው ያለሰልሳሉ። ማሳመሪያውን መዝጋት፣ ሰፊውን ሌንስ ሳይሆን መደበኛውን መጠቀም፣ በጣት እየሳቡ ከማጉላት ይልቅ በእግር መቅረብ ይመከራል።

በካሜራ ሦስት ልኬቶች ይታዘዛሉ። የሌንስ ቀዳዳ ብርሃን የሚገባበት ስፋት ሲሆን፣ ለግድግዳ ኤፍ 8 ተብሎ የሚጻፈው መጠን ከቅርብ እስከ ሩቅ ጥርት ያለ ምስል ይሰጣል። የመዝጊያ ፍጥነት ብርሃኑ የሚገባበት የጊዜ ርዝመት ነው፤ ካሜራው በእጅ ከተያዘ ከ1/125 ሰከንድ ባይዘገይ ይሻላል። አይኤስኦ የሚባለው ደግሞ የካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት ሲሆን፣ በቀን 100 ወይም 200 ይበቃል። ትሪፖድ ካለ ሦስቱም ያለ ጭንቀት ይስማማሉ። ምስሉ ካሜራው ባልነካው ጥሬ መልክ፣ ሮው በሚባለው ዓይነት ፋይል እንዲቀመጥ ማድረግ በኋላ ቀለምንና ብርሃንን ለማረም ያስችላል።

በጨለማ ክፍል ውስጥ ቆሞ ብርሃን የሚገባበትን መስኮት ማንሣት የፍርስራሽ ፎቶግራፍ ዋና ፈተና ነው፤ ክፍሉ ከታየ መስኮቱ ይነጣል፣ መስኮቱ ከታየ ክፍሉ ይጠቁራል። መፍትሔው ካሜራውን በትሪፖድ አጽንቶ አንዱን እይታ ሦስት ጊዜ፣ አንድ ጊዜ በልክ፣ አንድ ጊዜ አጨልሞ፣ አንድ ጊዜ አብርቶ ማንሣትና በኮምፒዩተር ማዋሐድ ነው። ሲዋሐዱ ግን ልክ ማወቅ ያሻል፤ በማኅበራዊ መገናኛዎች የሚታዩት ሰማያቸው እንደ ማዕበል የሚናወጥ፣ ድንጋያቸው የሚያበራ የግንብ ፎቶግራፎች የዚህ ስልት ከልክ ማለፍ ውጤት ሲሆኑ፣ ለማስታወቂያ ቢሆኑ እንጂ ለማስረጃ አይሆኑም።

በቦታው ላይ፦ ከሩቅ ወደ ቅርብ

እያንዳንዱ ሕንፃ በሦስት ርቀት ይነሣል። ከሩቅ የሚነሣው ሕንፃው ከአካባቢው ጋር ያለውን ግንኙነት፣ ከመካከለኛ ርቀት የሚነሣው አንዱን ገጽ በሙሉ፣ ከቅርብ የሚነሣው ደግሞ ዝርዝሩን ያሳያል። የቅርቡ ፎቶግራፍ የትኛው የመካከለኛው ክፍል እንደሆነ ካልታወቀ ዋጋ የለውም። በመሆኑም ቅደም ተከተሉ እንዳይዘበራረቅ ማድረግ፣ ወደሚቀጥለው ሕንፃ ከመሄድ በፊት ሦስቱንም መጨረስ ያስፈልጋል።

ረጃጅም ግንቦችን የሚያነሣ ሰው ከሥሩ ቆሞ ካሜራውን ወደ ላይ ሲያቀና ማማዎቹ ወደ ውስጥ ያጋደሉ፣ ግንቡም ወደ ኋላ የሚወድቅ ይመስላሉ። የአፄ ፋሲል ግንብ አራቱ ማማዎች እንቁላል መሰል ጉልላታቸውን ይዘው እርስ በርሳቸው የሚተያዩ ሆነው የሚነሡት በዚህ ምክንያት ነው። ካሜራው ከአግድሙ መሥመር ጋር እኩል ሆኖ ከቆመ ቋሚ መሥመሮች ቋሚ ሆነው ይቀራሉ፤ ይህም ወደ ኋላ መራቅን፣ ወይም ትይዩ ካለ ደርብ ላይ መውጣትን፣ ሁለቱም ካልተቻለ የታችኛውን ሣር በምስሉ አስገብቶ በኋላ መቁረጥን ይጠይቃል።

በዝርዝር ፎቶግራፍ ውስጥ መለኪያ ይገባል። በየአሥር ሳንቲ ሜትሩ ጥቁርና ነጭ የተቀባ አንድ ሜትር ዘንግ ከግድግዳው ጎን ሳይደገፍ ቢቆም የድንጋዩ ስፋት ከምስሉ ሊለካ ይችላል፤ ለስንጥቅ ደግሞ ተራ ማስመሪያ ይበቃል። ነጩ ወረቀት በመጀመሪያው ፎቶግራፍ ላይ ከተነሣ፣ በኋላ ቀለሙን ለማስተካከል ይረዳል። መለኪያ ያለበት ፎቶግራፍ ለእይታ የማያምር ስለሆነ ያለ መለኪያ ደግሞ ሌላ ይነሣል።

ከዚህ አልፎ መሄድ የሚፈልግ ፎቶግራሜትሪ የሚባለውን ዘዴ ሊሞክር ይችላል፤ ይህም አንድን ነገር ከብዙ ቦታ በተነሡ ተደራራቢ ፎቶግራፎች አማካይነት በኮምፒዩተር ሦስት ገጽታ ያለው ቅርጽ አድርጎ መልሶ የመገንባት ስልት ነው። ፎቶግራፎቹ እያንዳንዳቸው ከጎረቤታቸው ጋር ቢያንስ ሁለት ሦስተኛ ያህል መደራረብ፣ በአንድ ዓይነት ብርሃንና በአንድ ሌንስ መነሣት አለባቸው። ለጀማሪ አንድ በር ይበቃዋል።

የድሮውን ፎቶግራፍ ቦታ መፈለግ

ነዋሪ ብቻ ሊሠራው የሚችለው፣ ከሁሉም ይልቅ ዋጋ ያለው ሥራ ይህ ነው፤ ቀደም ብሎ የተነሣን ፎቶግራፍ ይዞ፣ ፎቶ አንሺው የቆመበትን ነጥብ አግኝቶ፣ ያንኑ እይታ ዛሬ መድገም። ምንጭ አይታጣም። በማርሴል ግሪዮል የተመራው የፈረንሳይ የዳካር–ጅቡቲ ተልዕኮ በ1932 እ.ኤ.አ. ጎንደር ላይ ለወራት ተቀምጦ ብዙ ፎቶግራፎችን አንሥቷል፤ የአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ተነቅለው ወደ ፓሪስ የተወሰዱትም በዚያው ቆይታ ነው። ከ1936 እስከ 1941 እ.ኤ.አ. ከተማዋን የያዙት ጣሊያኖች የግንቦቹን ምስል በፖስታ ካርድ ያሳትሙ ነበር። ከእነዚህ የማያንሱት ግን በየቤቱ አልበም ውስጥ ያሉት ናቸው። በጥምቀት ቀን በፋሲል መዋኛ ዳር የቆሙ ሙሽሮች፣ ከጃን ተከል ዋርካ ሥር የተነሡ ተማሪዎች፣ ከኋላቸው ሳያስቡት አንድ የግንብ ጥግ ይዘው ቀርተዋል። ፎቶ አንሺው አልበሙን ለመዋስ ሳይሆን በባለቤቱ ቤት በስልኩ ለመቅዳት ይጠይቅ፤ «እማማ፣ ይህ መቼ ነው የተነሣው?» የሚለው ጥያቄ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከምስሉ የሚበልጥ መልስ ያመጣል።

የቆሙበትን ነጥብ ማግኘት ግምት ሳይሆን ስሌት ነው። በድሮው ፎቶግራፍ ላይ ሁለት ነገሮች ይመረጣሉ፤ አንዱ ቅርብ፣ ሌላው ሩቅ ያለ፣ ሁለቱም ዛሬ ቆመው የሚገኙ። ለምሳሌ የአንድ በር ማዕዘን ከፊት፣ የአንድ ማማ ጫፍ ከኋላ ሊሆን ይችላል። በድሮው ምስል ላይ የማማው ጫፍ ከበሩ ማዕዘን በስተግራ የአንድ ድንጋይ ያህል ርቆ ከታየ፣ ፎቶ አንሺው ያንኑ ርቀት እስኪያገኝ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይንቀሳቀሳል። ወደ ቀኝ ሲሄድ ቅርቡ ነገር ከሩቁ አንጻር ወደ ግራ የሚሸሽ መሆኑን ማስታወስ ፍለጋውን ያሳጥራል። የጎን አቀማመጡ ከተገኘ በኋላ የፊትና የኋላው ይቀራል፤ ሲቀርቡ የፊተኛው ከኋለኛው ይልቅ ፈጥኖ ስለሚያድግ፣ የበሩ ቁመት ከማማው ቁመት ጋር ያለው ምጣኔ ከድሮው ምስል ጋር እስኪገጥም ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ይኬዳል። በመጨረሻ የካሜራው ከፍታ ይስተካከላል፤ የድሮ ካሜራዎች ብዙ ጊዜ በደረት ወይም በወገብ ልክ ይያዙ ስለነበር በዓይን ልክ ማንሣት ጥቂት ያዛንፋል። ዛፍ ወይም አዲስ ሕንፃ እይታውን ከጋረደ ነጥቡ አይለወጥም፤ ጋራጁ ራሱ የታሪኩ አካል ነውና እንዳለ ይነሣል።

ነጥቡ ከተገኘ በኋላ ቦታው ዳግም ሳይጠፋ መመዝገብ አለበት። በስልኩ የሚገኘው የጂፒኤስ ቁጥር እስከ ጥቂት ሜትር ሊሳሳት ስለሚችል፣ ከሁለት የማይንቀሳቀሱ ነገሮች በሜትር የተለካ ርቀት ይጨመርበታል። በመሬት ላይ ቀለም መቀባት ወይም ችካል መትከል ግን አይፈቀድም።

ይህ ሥራ በቅርብ ዓመታት የበለጠ አስቸኳይ ሆኗል። ጥገና በራሱ መልካም ነገር ቢሆንም የግንብን ገጽ ይለውጣል፤ ትናንት ባዶ ድንጋዩ ይታይ የነበረ ግድግዳ ነገ አዲስ ኖራ ለብሶ ሊገኝ ይችላል፤ በፋሲል ግቢ የተካሄደው ሰፊ ጥገና ከመጀመሩ በፊት በማንም እጅ የተነሣ ተራ ፎቶግራፍ ሁሉ ዛሬ የማይተካ ማስረጃ ሆኗል። ስለ ጥገናው ጥሩነት ወይም መጥፎነት የሚደረገው ክርክርም ካለ ከስሜት ይልቅ በፎቶግራፍ ቢደገፍ ይሻለዋል።

ስም መስጠትና ማስቀመጥ

ፎቶግራፍ ያለ ጽሑፍ ግማሽ ሰነድ ነው። ለእያንዳንዱ ምስል የሕንፃው ስም፣ የገጹ አቅጣጫ፣ ቀን፣ ሰዓት፣ የቆሙበት ቦታና የታየው ነገር ይጻፋል። እዚህ ላይ ኢትዮጵያዊ ፎቶ አንሺ የሚሳሳትበት አንድ ወጥመድ አለ። ካሜራው በፋይሉ ውስጥ የሚጽፈው የአውሮፓን ቀን ሲሆን፣ ሰዓቱንም የሚቆጥረው ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ነው፤ ደብተሩ ላይ ግን «ኅዳር 12፣ ጠዋት 1፡30» ይጻፋል። ከዓመታት በኋላ ሁለቱ ሲገናኙ የስድስት ሰዓት ልዩነቱና የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነቱ ተደምሮ የትኛው የቱ እንደሆነ ያደናግራል። ስለዚህ በፋይሉ ስም ላይ አንድ ዓይነት አቆጣጠር ብቻ፣ ዓመቱን አስቀድሞ ከዚያ ወርና ቀንን በቁጥር ማስከተል፣ በመጨረሻም ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. መሆኑን መጻፍ ያስፈልጋል። ለምሳሌ «2017-03-12 ዓ.ም. ቁስቋም አዳራሽ ምሥራቅ» የሚል ስም ከሃያ ዓመት በኋላም ይነበባል፤ ዓመቱ አስቀድሞ በመምጣቱም ኮምፒዩተሩ በራሱ ቅደም ተከተል ያስይዘዋል።

ምስሉ በአንድ ቦታ ብቻ ከተቀመጠ የለም ብሎ ማሰብ ይገባል። ሦስት ቅጂ፣ ከእነርሱም ሁለቱ በተለያየ ዓይነት ማከማቻ፣ አንዱ ደግሞ ከቤት ውጭ በሌላ ቦታ እንዲሆን ማድረግ በሙያው የተለመደ ነው። ከቤት ውጭ የሚቀመጠው በአዲስ አበባ ወይም በውጭ አገር በሚኖር ዘመድ እጅ ሊሆን ይችላል፤ የጎንደር ተወላጆች በየአገሩ ተበትነው ስለሚገኙ ይህ ለብዙ ቤተሰብ አይቸግርም። ለሥፍራው አስተዳደር ወይም ለከተማው ባህልና ቱሪዝም መሥሪያ ቤት አንድ ቅጂ ከነማስታወሻው መስጠት ደግሞ ፈቃድ ለተጠየቀበት በር ምላሽ ይሆናል።

በመጨረሻ ሁለተኛው ጉብኝት አስቀድሞ ቀን ይቆረጥለታል። ለጎንደር የሚመረጡት ሁለት ጊዜያት ናቸው፤ አንደኛው ዝናቡ ከመክበዱ በፊት ያለው የግንቦት መጨረሻ፣ ሌላው ዝናቡ ካባራ በኋላ የሚመጣው የጥቅምት መጀመሪያ። በሁለቱም ጊዜ ከዚያው ነጥብ፣ በዚያው ሌንስ፣ በዚያው ማስመሪያ አጠገብ የተነሡት የአንዱ ስንጥቅ ሁለት ፎቶግራፎች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ስፋቱ በሚሊ ሜትር ይነበባል፤ በመካከላቸው ያለው ልዩነትም ክረምቱ በዚያ ግድግዳ ላይ የሠራውን ያሳያል።